ዋጋ ስትጠይቁ ዝርያውንም ጠይቁ

የዛሬው የእህልና የቡና ዋጋ ከላይ ተለጥፏል። እሱን አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ረጋ ብላችሁ ይህችን አንብቡልኝ። ዛሬ የምጽፈው ከዋጋው በፊት ስለሚመጣው ነገር ነው።

በየቀኑ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ "ይጨምራል ወይስ ይወርዳል? ልያዝ ወይስ ልሽጥ?" እኔም የማውቀውን እመልሳለሁ። ዝናቡ እንዴት ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ነዳጅ ስንት ገባ፣ ዶላር ስንት ዋለ፣ መጋዘን ውስጥ ምን ያህል አለ። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን "ማሳው ላይ የቆመው ዝርያ ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንድም ቀን አጋጥሞኝ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳልጠይቅ ብዙ ዓመት ነግጃለሁ።

አቋሜን ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዛሬ እህል በረንዳ ላይ የምናየው ዋጋ ግማሹ የተሠራው ከ10 እና ከ20 ዓመት በፊት በምርምር ማሳ ላይ ነው። እኛ ነጋዴዎች ከዚያ ሥራ በየቀኑ እንበላለን፤ ስሙን ግን አንጠይቅም፣ ለሥራውም አናዋጣም። ይኼ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው እኛኑ ነው።

በጤፍ እንጀምር፤ ሁላችንም የምናውቀው እሱን ነውና።

ጤፍ ገበያ ውስጥ ነጭ ሲሆን ዋጋ አለው። ማኛ የሚለው ስም ራሱ ዋጋ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በእጃቸው ሁለት ዝርያ ነበራቸው። አንደኛው ምርቱ ጥሩ ነው፤ ግን ቀለሙ ገበያው እንደሚፈልገው ነጭ ስላልሆነ ገበሬው አልወደደውም። ሁለተኛው በጣም ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን ያንሳል። ሁለቱን አዳቀሏቸውና የአንዱን ምርት ከሌላው ንጣት ጋር ያጣመረ ዝርያ ለይተው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ በሚል ስም ተለቀቀ። ገበሬው ተሻምቶ ነው የወሰደው። ዛሬ ከአድአና ከሌሎች ጤፍ አምራች አካባቢዎች የሚመጣውን ነጭ ጤፍ ስትገዙ ስሙን ባታውቁትም ቁንጮን ገዝታችሁ ታውቃላችሁ።

ይህ እንዲሁ በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። የጤፍ አበባ በጣም ጥቃቅን ከመሆኗ የተነሳ ለረጅም ጊዜ ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋ በማለዳ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1 ሰዓት በፊትና በኋላ ባለች አጭር ጊዜ ውስጥ እንደምትከፈት አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ ነው በዚያች ሰዓት ደርሶ በማጉያ መነጽር እየተመለከቱ ማዳቀል የተቻለው። ከዚያች ማለዳ እስከ ቁንጮ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። እኛ በሳምንት እንቆጥራለን፣ እነሱ ግን በዓመታት ነው የሚቆጥሩት።

ልብ በሉ፤ ቁንጮን የፈለፈለው ላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። ነጭ ጤፍን በውድ የገዛነው እኛ ነን "ነጭ አውጡ" ብለን ያዘዝነው። ዋጋ ለተመራማሪው ትእዛዝ ነው። ነጭ ላይ ብቻ ከከፈልን ምርምሩም ወደ ነጭ ብቻ ይሄዳል። የማይጋሽብ ጤፍ ላይ፣ ድርቅ የሚችል ጤፍ ላይ፣ ቀይ ጤፍ ላይ ገበያው ምንም ካልተናገረ ተመራማሪው ከማን ይስማ?

አሁን ወደ ስንዴ እንሂድ። ኪሴን የነካኝ እሱ ነው።

በ2006 ዓ.ም. መኸር ላይ ከባሌ በኩል ስንዴ ይሰበስብልኝ ለነበረ ሰው ቅድሚያ ገንዘብ ልኬ ነበር። ስሌቴ ቀላል ነው፦ ዝናብ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ምርት ይበዛል፣ በአጨዳ ጊዜ ዋጋ ይወርዳል፣ አሁን ተስማምቼ በኋላ እጭናለሁ። ኅዳር ላይ ደወለልኝ።

"ወንድሜ፣ ስንዴው አላማረኝም።"

"እንዴ! ዝናብ ጥሩ ነው አላልከኝም?"

"ዝናቡማ ጥሩ ነበር። ቁመቱም ያምራል። ግን ማሳው ውስጥ ስትገባ ሱሪህ ቀይ ሆኖ ትወጣለህ። ዋግ ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዝርያው ዲገሉ ይባል ነበር። ሲለቀቅ ዓለምን ሁሉ ያስፈራውን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘውን የግንድ ዋግ ዝርያ የሚቋቋም ነው ተብሎ ገበሬው በሰፊው ዘራው። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ያንን በእርግጥ ይቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የመጣው ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ነው። የዲገሉ መከላከያ በአንድ ዋና ጂን ላይ የተንጠለጠለ ነበርና አዲሱ ዋግ እሷን የሚያልፍበት መንገድ አገኘ። በርካታ ማሳዎች ሙሉ በሙሉ ጠፉ። ኮምባይነር ገብቶ የሚሰበስበው ፍሬ አጣ። የኔም ቅድሚያ ገንዘብ ግማሹ እንደዚያው ቀረ። በሰውዬው አልፈርድም፤ እሱም ከእኔ ባልተናነሰ ተጎድቷል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2010ም ተመሳሳይ ነገር ታይቶ ነበር። ያኔ ቢጫ ዋግ ነው። በሰፊው ተዘርቶ የነበረው ኩብሳ የሚባለው ዝርያ ሲወድቅ፣ አገሪቱ ትልቁን የስንዴ መሬቷን በአንድ ዝርያ ላይ አስይዛ እንደነበር ታወቀ። በዚያው ዓመት የተለቀቁት እንደ ካካባና ደንደአ ያሉ ዝርያዎች ዘራቸው በአስቸኳይ እንዲባዛ ተደረገና የኩብሳን ቦታ መያዝ ጀመሩ። እነዚያ ዝርያዎች ግን በአንድ ሌሊት አልተፈጠሩም። ሜክሲኮ ካለው ዓለም አቀፍ የስንዴና በቆሎ ምርምር ማዕከል በመጡ መስመሮች ላይ የእኛ ተመራማሪዎች ቁሉምሳና ሌሎች ማዕከሎች ላይ ዓመታት ደክመውባቸው ዝግጁ ሆነው ስለተገኙ ነው። መደርደሪያው ላይ ምንም ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? መልሱ ከውጭ መግዛት ነው። በምን ዶላር? እሱን ለእናንተው ትቼዋለሁ።

ከዚህ የተማርኩት ነገር ለማንኛችንም ነጋዴ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዝናብ ብቻውን የዋጋ ምልክት አይደለም። ዋግ እርጥበት ይወዳል። ዝናቡ ሲረዝምና ቅጠሉ ላይ እርጥበት ሲያድር ዋግ ድግስ ነው። ስለዚህ ያው ዝናብ ማሳው ላይ የቆመው ዝርያ የሚቋቋም ከሆነ ዋጋ ያወርዳል፤ የማይቋቋም ከሆነ ዋጋ ያስወጣል። ዝርያውን ሳይጠይቅ በዝናብ ብቻ የሚገምት ነጋዴ ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ወይ ሰው እንደሚል ሰው ነው።

ዛሬ ደግሞ ሰበብ የለንም። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእንግሊዝ የአየር ትንበያ ተቋምና ከሜክሲኮው ማዕከል ጋር ሆኖ የዋግ ትንበያ ይሠራል። ዋግ እንደ አቧራ በነፋስ የሚሄድ ነገር ነው። ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ የት እንደሚመቸው በኮምፒውተር ይሰላና በመኸር ወቅት ለግብርና ባለሙያዎች ማስጠንቀቂያ ይላካል። በመስክ የሚዞሩ ባለሙያዎችም ናሙና ይሰበስባሉ። ገበሬው በጊዜ ካወቀ ይረጫል። እኛስ? በኔ ግምት ከስንዴ ነጋዴዎች አብዛኞቻችን ይህ ነገር መኖሩንም አንሰማም። የዶላር ምንዛሪ በቀን አስር ጊዜ የሚያይ ሰው የዋግ ትንበያን በሳምንት አንዴ ቢያይ ምን ይጎዳዋል?

ሦስተኛው ቡና ነው፤ የአገሪቱ ዶላር ያለበት።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ ገና ሳይቀላ የሚያጠቁር፣ ዛፍ ላይ እያለ የሚያደርቅ በሽታ ነው። መድኃኒት መርጨት ለአብዛኛው ገበሬ አቅም አልነበረም። የጅማ ተመራማሪዎች ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በሽታው ወደበረታባቸው አካባቢዎች ሄደው በታመሙ ዛፎች መሀል ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ፈለጉ። ከእያንዳንዱ ዘር ወስደው ፈተኑ። የበረታውን አስቀሩ፣ ሌላውን ጣሉ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለገበሬው መድረስ ጀመሩ። በቡና ዓለም ይኼ በጣም ፈጣን ነው፤ ቡና ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ብቻ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋልና።

ለምን እንዲህ ፈጠነ? መፍትሔው ጫካችን ውስጥና በገበሬው ጓሮ ስለነበረ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ከባዶ ማዳቀል ይጠበቅባቸው ነበር። እኛ ግን የቡና መገኛ ስለሆንን ተፈጥሮ አስቀድማ ያዘጋጀችውን መርጦ ማውጣት በቃን።

ከእነዚያ ዝርያዎች ውስጥ 74110፣ 74112፣ 74158 የሚባሉ አሉ። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974። እነዚህ ሦስቱ ከኢሉባቦር መቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው። አሁን አስገራሚውን ልንገራችሁ። ውጭ አገር ያለ የስፔሻሊቲ ቡና ቆይ ከረጢቱ ላይ "74110" ብሎ ጽፎ በውድ ይሸጣል። ገዢው ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ስለ ጣዕሙም ይከራከራል። ያንኑ ቡና እዚህ ጀንፈልም ሆነ እሸት ሆኖ ሲገዛ በብዙ ቦታ "ቡና" ብቻ ነው። ከአምስት ጓሮ የመጣው አንድ ላይ ይደፋል። ስሙ ወደብ ሳይደርስ፣ እኛው እጅ ላይ ይጠፋል። ከስሙ ጋር የሚመጣውም ዋጋ አብሮ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሱ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። ሁለቱንም አከብራለሁ።

አንደኛው "የተሻሻለ የሚባለው ዝርያ የአባቶቻችንን ዘር እያጠፋ ነው፣ ጣዕምም ይቀንሳል" የሚል ነው። ስጋቱ እውነት አለው። ሁሉም ገበሬ አንድ ዝርያ ብቻ ከዘራ ምን እንደሚሆን ኩብሳና ዲገሉ አሳይተውናል። ግን ጥፋቱ የምርምር ነው ብዬ አላምንም። ለቡናው በሽታ መድኃኒቱ ከየት መጣ? ከአባቶች ዘር። ያለ ምርምር ያ ዛፍ አንድ ጓሮ ውስጥ ተደብቆ ይቀር ነበር፤ ያለዚያ ዛፍ ደግሞ ምርምሩ ባዶ እጁን ነበር። ሁለቱ ተደጋጋፊ ናቸው። ሌላ ምሳሌ ልጨምር፦ በአውሮፓ ለቢራ የሚሆነውን ገብስ ዐመዳይ ከሚባል የቅጠል በሽታ ለብዙ አሥርት ዓመታት የጠበቀው አንድ ጂን አለ። ከምንጮቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ የገበሬ ገብስ ነው። የደጋ ገበሬያችን ሳያውቀው የአውሮፓን ገብስ አትርፏል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ዘር መጠበቅ ለዓለም ሲጠቅም ለእኛ አይጠቅምም? የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆና ቀዝቅዞ ለረጅም ዓመት አይቀመጥም። ስለዚህ በጅማ ጮጬ እንዳለው ማሳ ዛፉ በሕይወት ተተክሎ ነው የሚጠበቀው። ያ ማሳ አረም ይታረምለታል፣ ጥበቃ ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ "ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ነጋዴ ምን አገባው?" የሚል ነው። እስቲ የተፎካካሪዎቻችንን መንገድ እንይ።

ኮሎምቢያ ውስጥ ወደ ውጭ ከሚላክ ከእያንዳንዱ ፓውንድ ቡና ላይ ጥቂት ሳንቲም ይቆረጣል። በዚያ ገንዘብ ከሚደገፉት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1938 የተመሠረተው ሴኒካፌ የሚባለው የቡና ምርምር ማዕከላቸው ነው። የቡና ቅጠል ዋግ ወደ አገራቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲገባ የሚቋቋም ዝርያ አዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር። ሆኖም ብዙ ገበሬ የድሮውን ዝርያ አልለወጠም ነበርና ከ2008 ጀምሮ ዝናብ ሲበዛ ዋጉ በረታ። ከ12 ሚሊዮን ኬሻ በላይ ያመርት የነበረው አገር በ2012 ከ8 ሚሊዮን በታች ወረደ። ከዚያ ማሳውን በሚቋቋም ዝርያ እያደሱ በ2015 ከ14 ሚሊዮን ኬሻ በላይ ደረሱ። ዝርያው ዝግጁ ባይሆን ኖሮ ምን ይተክሉ ነበር?

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ እህል ሲሸጥ ከገበሬው ሽያጭ ላይ 1 በመቶ ገደማ ለምርምር ይቆረጣል። ቆርጦ የሚያስገባው ገዢው ነው፤ ማለትም እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለው ሰው። መንግሥትም የራሱን ድርሻ ይጨምርበታል።

እኛ አገር ገበሬውን እንቁረጠው አልልም፤ ገበሬው ሸክሙ በቅቶታል። ግን ላኪው፣ ጅምላ ነጋዴው፣ ዱቄት ፋብሪካው በኩንታል አንድ ብር ቢያዋጣ ማን ይከስራል? ለደላላ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለኬሻ የምናወጣውን አስቡት። በአንድ ኩንታል አንድ ብር በሚዛን ስህተት የሚጠፋ ነው። በመቶ ሺህ ኩንታል ግን መቶ ሺህ ብር ነው፤ የአንድ ዞን ነጋዴዎች ቢሰባሰቡ አንድ የምርምር ማዕከል የጎደለውን ነገር ሊሞላ የሚችል ገንዘብ። ገንዘቡ የት እንደገባ የሚቆጣጠር የነጋዴዎች ወኪል ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጥ። ካላየን አንከፍልም ብንል መብታችን ነው። ግን አንዴም ሳንከፍል "ምርምር ምን ሠራ?" ማለት አይከብድም?

ዓለም አየሩ እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ኒውዮርክ ላይ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ግን የብራዚል ድርቅ ነው። የዛሬው የብራዚል ድርቅ ነገ የእኛ እንደማይሆን ማን ዋስ ይሆናል? ያ ቀን ሲመጣ የሚያድነን ድርቅ የሚችለው ዝርያ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያን ቀን አይጀመርም። ዛሬ ካልተጀመረ የለም።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ሁላችንም ልናደርገው የምንችለው ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ስትገዙ ዝርያውን ጠይቁ። ሰብሳቢው ካላወቀ ገበሬውን ይጠይቅ። ገበሬው ያውቃል። መጀመሪያ ይስቁባችኋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሁለተኛ፣ አትቀላቅሉ። የማካሮኒ ስንዴን ከዳቦ ስንዴ ጋር፣ ንጹሑን ዝርያ ከየትም ከመጣው ጋር ደፍታችሁ "ስንዴ" አትበሉ። የተለየውን ለይታችሁ ይዛችሁ ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉ። ያቺ ጭማሪ ለገበሬው ዘር ማደሻ፣ ለተመራማሪውም መልእክት ናት።

ሦስተኛ፣ በየማኅበራችሁና በየንግድ ምክር ቤታችሁ ስብሰባ ላይ የምርምር መዋጮን አጀንዳ አስይዙ። "ስለ ግብር ብቻ እናውራ" የሚል ካለ የ2006ቱን ስንዴ አስታውሱት።

እኔም በበኩሌ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እዚህ የምለጥፈው የዋጋ ዝርዝር ላይ አንድ ዓምድ እጨምራለሁ፤ ዝርያ የሚል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ባዶ ይሆናል፤ ይሁን። ባዶው ቦታ ራሱ ይናገራል። ከየአካባቢያችሁ ዋጋ ስትልኩልኝ ስሙንም ላኩልኝ፤ አብረን እንሞላዋለን።

መልካም ገበያ።